የፈራ እጅ

በሰባተኛው መጋዘን እንደኔ ያለ ዓይን የለም። ጉራ ነው የሚል ካለ ይበል፤ ጉራም እኮ አንዳንዴ እውነት ይሆናል። ባለፈው ጥር ያንን የቀይ ጢማም ሆላንዳዊ ሥዕል ፊታችን ሲያቆሙት በአራት ሰከንድ ነው የጨረስኩት። የቀሩት ስድስቱ ልጆች ገና አፍንጫውን ያያሉ፣ እኔ ቁልፌን ተጭኜ እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ። «እንግዳ» ነው ያልኩት። እነሱም ቆይተው ቆይተው እንግዳ አሉ። አለቃችን ጋሽ ልሳነወርቅ ከኋላዬ መጥተው፣

«በምን አወቅሽ?» አሉኝ።

«አንገትጌው ላይ ያለው ክር በጣም ቀጥ ብሏል። ይኼ የፈራ እጅ ነው» አልኳቸው።

የፈራ እጅ። ወዲያው ማስታወሻቸውን አውጥተው ጻፉት። አሁን አዲስ የሚገቡትን ልጆች ሲያስተምሩ መጀመሪያ የሚሏት እሷን ነው፤ «የፈራ እጅ ክር ያቀናል» እያሉ። ከማን እንደወሰዷት ግን አይናገሩም።

ስሜ ዘርትሁን ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በላይ የተማረ ሰው ዓይን መሆን አይችልም። አምስተኛ ክፍል ሲገባ ስክሪን ይሰጣል። ስክሪኑ ማንም ሰው ያልሠራቸውን ፊቶች ያሳያል፤ በቀን ሺህ፣ ሁለት ሺህ። እነሱን ሲያይ የኖረ ዓይን የሰው እጅ የነካውን ለይቶ አያይም ይላል ውሉ። ስለዚህ አራተኛን እንደጨረስኩ ከመጋዘኑ መጡ፣ ዓይኔን ለኩ፣ እማዬ ፈረመች፣ በቃ። የክፍሌ ልጆች አሥራ ሁለተኛ ድረስ ተምረው ዛሬ ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚውሉት። እኔ ወንበር አለኝ።

ቤታችን ውስጥ ፎቶ አይሰቀልም። አንድ የአባቴ ፎቶ ነበረ፤ እኔ ስገባ አስረከብነው። ደረሰኙ ሳጥን ውስጥ አለ። አንዳንዴ እማዬ ሳጥኑን ስትከፍት አየዋለሁ፤ «አንድ ፎቶ፣ ወንድ፣ ጠርዙ የተቀደደ» ይላል።

ጠዋት ከቤት ስንወጣ እኛ ዓይኖቹ ግርዶሽ እናደርጋለን። የጋሪ ፈረስ ጎን ለጎን እንዳያይ የሚያደርጉለት ቆዳ አለ አይደል? እሱ ነው። ከሰፈራችን እስከ መጋዘኑ ያለው ግድግዳ ሁሉ ሥዕል ነው፤ ይንቀሳቀሳል፣ አላፊውን በስሙ ይጠራል። እኛ ወደ ፊት ብቻ እያየን እናልፋለን። ደብረ ብርሃን ጋሪ እስካሁን አልጠፋም፤ ጋሪ ነጂዎቹ እኛን ሲያዩ «ቺ! ቺ!» ይሉናል። ትዴ አንድ ቀን እንደ ፈረስ አሽካክታ የእውነቱ ፈረስ ደንብሮ ጋሪው ቦይ ውስጥ ገባ። ሰውየው አለንጋውን ይዞ እስከ በሩ ድረስ አባሮናል። ያን ቀን ሳቅን። መቼ እንደሆነ ግን ረሳሁት።

ትዴ ሙሉ ስሟ ትደነቅያለሽ ነው። ጎረቤቴም ናት፣ በሥራም ጎኔ ነው የምትቀመጠው። ዓይኗ መካከለኛ ነው።

ሥዕሎቹ እኛ ጋ የመጡት ውሃው ሆላንድን ከበላ በኋላ ነው። ሰዎቹ መርከብ ላይ ቀሩ፤ የአያት ቅድመ አያቶቻቸው ፊት ደግሞ ወደዚህ ተላከ። ከፍ ያለ፣ ደረቅና ብርዳማ ቦታ ይፈልጋሉ ተባለ፤ ብርዱን ከኛ በላይ ማን አለው። በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ነው የሚመጡት። ብርድ ልብሱን ለኛ ይሰጡናል፣ ጉልበታችን ላይ ጣል አድርገን እንቀመጣለን፤ እነሱ ራቁታቸውን ፊታችን ይቆማሉ።

ሁሉም ፊት ነው። ነጭ ሰው፣ ጥቁር ልብስ፣ አንገቱ ላይ ሰፌድ የሚያህል ነጭ ዳንቴል። ጭንቅላታቸውን ሰፌድ ላይ አድርገው ገበያ ያወጡት ይመስላሉ። ስም እናወጣላቸዋለን። «አቶ አልከፍልም» የሚባል አለ፣ «ሙሽራዋ ሳትወድ» የምትባል አለች። አንዱ ዓይኑ ከሰው አይነቀልም፤ እሱን «ጋሽ ልሳነወርቅ» ነው ያልነው፤ እሳቸው አያውቁም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ጌታው፣ ማለትም ስም ያለው ሠዓሊ፣ ፊቱን ብቻ ይሠራል። ዳንቴሉን፣ አዝራሩን፣ ጣቶቹን፣ ጨርቁን ደቀ መዛሙርቱ ይሠሩለታል። ስድስት ሰው የደከመበትን መጨረሻ ላይ ጌታው መጥቶ ከታች ጥጉ ላይ ስሙን ይጽፍበታል። አሁን መርከብ ላይ ያሉት ባለቤቶች የትኛው የማን እጅ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ለምን እንደሚጠይቁ አልተነገረንም። በሥዕሉ አንድ ቦታ ላይ ቀይ የመብራት ነጥብ ያርፋል፤ ያቺን ቦታ አይተን ከሦስት ቁልፍ አንዱን እንጫናለን። ጌታው ራሱ ከሠራው «ጌታ»። ከጌታው ቤት ሰዎች አንዱ ከሠራው «ቤት»። በኋላ ዘመን የተጨመረ እጅ ከሆነ «እንግዳ»።

እንግዳው ብዙ ጊዜ ሩቅ አይደለም፤ ግቢው ውስጥ ነው ያለው። ከኛ አዳራሽ ማዶ ጥገና የሚባል አለ። ጨውና ውሃ የበላውን ቦታ እዚያ ያሉ ሴቶች በቀጭን ብሩሽ ይሞሉታል። እኛ ዓይን እንባላለን፣ እነሱ እጅ ይባላሉ። የነሱ ጉብዝና አለመታየት ነው። ከሰባታችን አራታችን እንግዳ ካልን ሥዕሉ በቁጥሩ ይፈለግና የሞላችው ሴት ትወርዳለች። መውረድ ማለት ብሩሹን ማስረከብ ነው። ማን እንደወረደች ለኛ አይነገርም። እኛም አንጠይቅም። የቀይ ጢማሙን አንገትጌ የሠራችውም ወርዳለች፤ ማን እንደሆነች አላውቅም።

እማዬም እጅ ናት።

ዓይንና እጅ አንድ ቤት ማደር ይችላሉ፤ ስለ ሥራ ግን አንዲት ቃል መነጋገር አይችሉም። ሁለታችንም ፈርመናል። የምንገባበት በር የተለያየ ነው፤ የምንወጣበት ሰዓትም። ቤት ስንገናኝ፣

«ዋልሽ?»

«ዋልኩ። አንቺስ?»

«ዋልኩ። ብርዱ እንዴት ነበር?»

«ብርድ ነው።»

አለቀ። ሰባት ዓመት እንዲህ ነው ያወራነው።

እማዬ ተዋበች ትባላለች። ጥገና ከመግባቷ በፊት የሰፈሩን ጭንቅላት ሁሉ የምትሠራው እሷ ነበረች። ግራ አውራ ጣቷ ልጅ ሆና በብረት በር ተቀጥቅጦ አይታጠፍም፤ ስለዚህ ሹሩባው ማጅራት ጋ ሲደርስ ጫፉ ትንሽ ወደ ግራ ይሸሽባታል። ዓይኔ የሰላው እዚያ ነው። ስድስት ዓመቴ እያለ የማንኛዋንም ልጅ ማጅራት አይቼ ይቺ የእማዬ ናት፣ ይቺ የእትዬ ዘነቡ ናት እል ነበር። አንድም ቀን አልሳትኩም። ሴቶቹ ሳንቲም እያስያዙ ይፈትኑኝ ነበር።

ዱሮ እማዬ ከሥራ ስትመለስ ጥፍሯ ሥር ነጭ ቀለም ይዛ ነው የምትመጣው፤ ተልባ ተልባም ትሸት ነበር፤ ቀለሙ በተልባ ዘይት ነው የሚበጠበጠው። ከጥር ወዲህ ጥፍሯ ጥርት ብሏል። ሳሙና ሳሙና ነው የምትሸተው። ጎበዝ ሆናለች፣ ቀለም ሳያስነካት መሥራት ለምዳለች አልኩ። ጉልበቷን ግን ያማታል።

«ተቀምጦ መዋል ነው» አልኳት አንድ ቀን።

«ይሆናል» አለች።

ስለ ወጥመድ ልንገራችሁ። በየጊዜው መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ሥዕል ከሌሎቹ ጋር ቀላቅለው ያስገባሉ። እኛን ለማየት ነው። እሱን ወጥመድ እንለዋለን። ሦስት ወጥመድ የሳተ ወንበሩን ያጣል፣ ግርዶሹንም ያስረክባል። ግርዶሽ የሌለው ሰው እዚያ መንገድ ላይ ሁለት ቀን ከሄደ ዓይኑ አለቀ፤ ወደ ዓይንነት አይመለስም። አራተኛ ክፍል ደግሞ ለሌላ ነገር አይሆንም። እኔ ሁለት ስቻለሁ። የመጀመሪያው ቀን ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ሁለተኛው ላይ የተሳሳተው ወጥመዱ ራሱ ነው። ትዴም ሁለት ስታለች፤ የእሷ ግን የእሷ ጥፋት ነው።

እኔና ትዴ ከጠረጴዛው ሥር ዘዴ ነበረን። ጉልበቷን በጉልበቴ ነካ አደርጋታለሁ። አንድ ጊዜ ጌታ፣ ሁለት ጊዜ ቤት፣ ሦስት ጊዜ እንግዳ። ብርድ ልብሱ ይሸፍነናል። ከጥር ወዲህ ትዴ በራሷ ዓይን ያየችው ሥዕል ያለ አይመስለኝም። ምን ላድርግ፣ ለምናኛለች። «ያንቺ ዓይን ለሁለት ይበቃል» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሰኔ አሥራ አንድ ቀን ጠዋት ዝናብ ነበር። አራተኛዋ ሥዕል ሴትዮ ነበረች፤ ከንፈሯን ነክሳ፣ ግንባሯን አኮማትራ፣ ሰፌዷን አጥልቃ ቆመች።

«ጨጓራ ያማታል እንዴ?» አለች ትዴ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«ባል ነው የሚያማት።»

«ማን ነው የሚያወራው?» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ።

«እሷ ናት» አለች ትዴ ሥዕሏን በአገጯ እያሳየች። ሁለት ልጆች ሳቁ። ጋሽ ልሳነወርቅ አልሳቁም፤ ደግሞም አልተቆጡም። ሰዓቱን ጀመሩ።

ቀዩ ነጥብ ከአንገትጌዋ በታች በኩል ዳንቴሉ ላይ አረፈ። ለእያንዳንዱ ሥዕል ሃያ ሰከንድ አለን፤ መብራታችን እስኪጠፋ ድረስ ሐሳብ መለወጥ ይቻላል። እኔ ሐሳብ ለውጬ አላውቅም። አየሁት። የዚያች ጥግ ዳንቴል ከሌላው ዳንቴል ጋር አይሄድም። ሌላው በእርጋታ የተሠራ ነው፣ ይኼኛው የተቸገረ ነው። ሌላ እጅ ገብቶበታል፤ ማንም ያየዋል። ጉልበቴን ወደ ትዴ አደረግኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ትዴ ተጫነች። የኔም ጣት እንግዳ ላይ አርፏል፤ ልጫን ነው።

ያኔ ነው ጫፎቹን ያየሁት። እያንዳንዱ የክር ቀለበት ሊያልቅ ሲል ትንሽ ወደ ግራ ይሸሻል። ሁሉም። ልክ ማጅራት ላይ እንዳለ ሹሩባ።

የእማዬ ነው።

ጣቴ እዚያው እንደሆነ አሰብኩ። እንግዳ ካልኩ እማዬ ትወርዳለች። ቤት ካልኩና ይኼ ወጥመድ ከሆነ ሦስተኛዬ ነው፤ የምወርደው እኔ ነኝ። ሌሎቹ አራት ሆነው እንግዳ ካሉ ደግሞ እኔ ቤት ማለቴ ማንንም አያድንም። ይኼን ሁሉ ያሰብኩት ስድስት ሰከንድ ውስጥ ነው። እማዬን ከሚያወርዱት ድምፆች አንዱ የኔ እንዳይሆን ብቻ ቤት ተጫንኩ።

መብራቶቹ ገና አልጠፉም ነበር። የትዴን ጉልበት ሁለት ጊዜ መንካት እችል ነበር። ጉልበቷ እዚያው ነበር፣ ይሞቃል። ሁለታችን ብቻ ቤት ካልን ከጠረጴዛው ሥር ያዩናል ብዬ ነው የተውኩት። እንደዚያ ይመስለኛል። መብራቱ ጠፋ። ቀጥሎ አንድ ጆሮው የጠፋ ሰውዬ አመጡ።

ውጤት የሚነገረው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ደወል ይደወላል፣ ጋሽ ልሳነወርቅ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፣ ቆመን እንሰማለን። ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አይልም።

«የዛሬ ወጥመድ አራተኛው ሥዕል ነው። መልሱ ቤት ነው። ስድስት ዓይን እንግዳ ብሏል። አንድ ዓይን ቤት ብሏል።»

ወረቀቱን ገለበጡ።

«ትደነቅያለሽ ሦስተኛሽ ነው።»

ትዴ መጀመሪያ ያልሰማች መሰለች። ቀጥሎ ብርድ ልብሷን ከወንበሩ አንስታ ማጠፍ ጀመረች። ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት። ብርድ ልብሱ የመጋዘኑ ነው፤ አጥፎ መሄድ አይጠበቅባትም ነበር። ግርዶሹን ከአንገቷ ፈታ ላዩ ላይ አስቀመጠችው።

«ሦስት ጊዜ ነው የነካሽኝ» አለችኝ በቀስታ።

«አዎ።»

«አንቺ ምን ተጫንሽ?»

«ቤት።»

አየችኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየችኝ፤ ከሃያ ሰከንድ ይበልጣል። ሐሳቧን ልትለውጥ ትችል ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ።

«እሺ» አለች። ሄደች። በሩ ላይ ልማድ ሆኖባት ግርዶሿን ልታስተካክል እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደች፤ የለም፤ እጇን መለሰች።

ጋሽ ልሳነወርቅ ጎኔ መጥተው ቆሙ።

«በምን አወቅሽ?»

«አየሁት» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

ወረቀታቸውን አነበቡ። ያንን ጥግ የሠራው በጌታው ቤት የነበረ ሰው ነው፣ ስሙ አልታወቀም፣ አራት መቶ ሃምሳ ዓመት ሞልቶታል አሉኝ። «ስድስት ዓይን የሳተውን ወጥመድ ያገኘ አንደኛ ዓይን ይሆናል። ደንቡ ነው። የድሮ ስሕተቶችሽም ይሰረዛሉ። ከነገ ጀምሮ ማሞቂያው ጋ ነው የምትቀመጪው።»

«ከነገ ለምን? አሁን ይበርደኛል» አልኳቸው።

አሰቡት። «ተቀመጪ» አሉ።

ማሞቂያው ጋ ያለው ወንበር የሚያስቀና ወንበር ነው። እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩና ነገሩን አሰብኩት። ስም ያልታወቀ ደቀ መዝሙር! አራት መቶ ሃምሳ ዓመት! ሳቄ መጣ። ሥዕል ሁሉ እዚህ ሲደርስ መጀመሪያ በጥገና ነው የሚያልፈው፤ ሴትዮዋም አልፋለች፤ እማዬ ያቺን ጥግ ሞልታታለች፤ ወጥመድ የሚያዘጋጁት ሰዎች ግን አላዩም። እማዬ መርከብ ላይ ያሉትን ባለቤቶች፣ ወረቀቱን፣ ጋሽ ልሳነወርቅን ሁሉ ሸውዳለች። የሞተ ሆላንዳዊ አድርገው መዝግበዋታል። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከዚህ በላይ ምን ዓይን አለ? ወንበሬን ለእናቴ ልሰጥ ነበር፣ በሱ ፈንታ ማሞቂያ ሰጡኝ።

ስወጣ ዝናቡ አቁሟል። ግርዶሼን አሰርኩ። ልማዴ ሆኖ ወደ ቀኝ አንድ ሰው የሚሄድበት ቦታ ትቼ ነው የተራመድኩት። ቦታው ባዶ ነው። ድልድዩን ካለፍኩ በኋላ ከቀኝ በኩል ግድግዳው ሲናገር ሰማሁ።

«ትደነቅያለሽ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ሰባት ዓመት ጠበቅንሽ።»

የእግር ኮቴ ነበረ፤ ቆመ። ግድግዳው ደግሞ አንድ ነገር አላት፣ ደስ በሚል ድምፅ። ዞሬ ማየት አልችልም፤ አንደኛ ዓይን ነኝ። ወደ ፊት ብቻ እያየሁ አለፍኩ። አንድ ጋሪ ነጂ «ቺ!» አለኝ።

ቤት ስደርስ ገና አልመሸም ነበር። እማዬ ከኔ ቀድማ ገብታ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። በሁለት እጇ ይዛ፣ ያቺ የማትታጠፈው አውራ ጣቷ እንደ እንጨት ቆማ።

«ዋልሽ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ዛሬ አዳንኩሽ።»

«ከምን?»

«ከመውረድ።»

ቀና ብላ በሩን አየች። «ስለ ሥራ አይወራም። ፈርመናል።»

«ዛሬ ይወራል። አንደኛ ዓይን ሆኛለሁ፤ ማሞቂያ ጋ ነው የምቀመጠው። ማን ይናገረኛል?» ጫማዬን ሳላወልቅ ፊቷ ቁጢጥ አልኩና ነገርኳት። ሴትዮዋን፣ ቀዩን ነጥብ፣ ወደ ግራ የሚሸሸውን ክር፣ ሁለት ወጥመድ ስቼ እንደነበርና ለእሷ ብዬ ወንበሬን እንደጣልኩ። ስለ ትዴ ጉልበት አልነገርኳት። እማዬ ሽንኩርቱን እየላጠች ሰማች። አንዱን ጨርሳ ሌላውን አነሳች።

«ከንፈሯን የነከሰች ሴትዮ?»

«እሷ!»

«አልነካኋትም።»

«እማዬ፣ እኔን አትደብቂኝ። ጫፉ ወደ ግራ ነው የሚሸሸው፣ ልክ እንደ ሹሩባሽ።»

«በዓለም ላይ ጣቱ የተሰበረ እኔ ብቻ ነኝ?»

«እጅሽን አውቃለሁ እኮ! ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። መጋዘኑ ውስጥ እንደኔ ያለ ዓይን የለም፤ ብትጠይቂ ይነግሩሻል። በጥር አንድ ቀይ ጢማም ሰውዬ መጥቶ በአራት ሰከንድ ነው የያዝኩት። 'የፈራ እጅ' አልኩ። ዛሬ ልጆቹን በሷ ነው የሚያስተምሯቸው።»

ቢላዋው ቆመ።

«የፈራ እጅ» አለች እማዬ።

«አዎ፤ ክር ሲያቀና፣ እንዳይሳሳት ሲጠነቀቅ…»

«አንቺ ነሽ ያልሽው?»

«እኔ ነኝ! ጋሽ ልሳነወርቅ የራሳቸው አስመስለው ያወሩታል እንጂ የኔ ነው። መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነኝ።»

እማዬ እጇን አየችው። መዳፏን ገልበጥ አድርጋ ጥፍሯን አየች። እኔም አየሁት፤ ንጹሕ ነው፤ ቆዳው ጣቶቿ ጫፍ ላይ በሳሙና ተልጧል። ከዚያ ሌላ ሽንኩርት አነሳች።

«የቀይ ጢማሙን አንገትጌ የሞላሁት እኔ ነኝ» አለች። «ወደ ግራ እንዳይሸሽብኝ ትንፋሼን ይዤ፣ አሥራ አንድ ቀን። ሲያወርዱኝ በሰጡኝ ወረቀት ላይ ምክንያት በሚለው ቦታ የተጻፈው እሱ ነው፦ የፈራ እጅ። ማን ይሆን እንዲህ ያለው እያልኩ አምስት ወር ሙሉ የጥገናውን ወለል አጠብኩ። የኔ ነው ካልሽ እንግዲህ ያንቺ ነው። አሁን ጫማሽን አውልቂ፤ የምትረግጪውን የማጥበው እዚህም እኔ ነኝ።»